ከሐዘን አዋጅ በፊት የጥንቃቄ አዋጅ!

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉን አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። እኛ ግን ተረቱን በአፋችን ይዘን፣ ሥራውን ለነገ አሳድረን፣ ሬሳ መቁጠር ስንጀምር ነው የምንባንነው። ለመሆኑ ሐዘን ማወጅ የሚችል መንግሥት፣ ከሐዘኑ በፊት ሰው ማስነሣት እንዴት ያቅተዋል?

ቆሼን እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ ረጲ ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተቆለለ ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን በላ። ነገሩ ዱብ ዕዳ ነበር እንዴ? አልነበረም! ቆሼ ሞልቷል ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ዞሮ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች በብክለቱ ተማርረው ሲቃወሙ ግን መኪናው ተመልሶ እዚያው «ሞልቷል» የተባለው ክምር ላይ ይገለብጥ ጀመር። ከሥሩ ሰው እየኖረ!

ትምህርት ይሆነናል ስንል ደግሞ ጎፋ መጣ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሲቆፍር ሌላ ናዳ እሱኑ ደገመው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለነፍስ አድን የሮጡ ነበሩ። ደግ ሕዝብ ነን፤ ደግነት ብቻውን ግን ገደል አያቆምም። በሁለቱም ጊዜ ፓርላማው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ከዚያስ?

እኔ የምለው፣ ጥንቃቄ ሁሉ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። ናዳ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ መሬት ይሰነጠቃል፣ ዛፍና ምሰሶ ይዘማል፣ ምንጭ ድንገት ይደፈርሳል። ይህን ያየ ሰው ሮጦ የሚነግረው፣ እሱም በዚያው ሌሊት ሰው የማስነሣት ሥልጣን ያለው አንድ ኃላፊ በየቀበሌው ይኑር። ናዳ ሲወርድም ቆፋሪው ከመግባቱ በፊት ዓይኑን ተራራው ላይ ተክሎ «ውጡ!» ብሎ የሚጮህ ጠባቂ ይቁም።

ክረምት ሳይገባም ከገደልና ከክምር ሥር ያለው ይነሣ። ሜዳ ላይ ይጣል ማለቴ ግን አይደለም! ቆሼ ሥር የኖረው ሞት ወዶ ሳይሆን እንጀራው እዚያ ሆኖበት ነው። ምትክ ቦታና ሥራ ያላገኘ ድሃ ዛሬ ቢያነሡት ነገ ተመልሶ እዚያው ነው።

«የእግዜር ቁጣ ነው» እያልን አንሸንገል። ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ክምሩ ግን የኛው ነው። ባንዲራ ዝቅ ማድረግ ለሞተው ክብር ቢሆንም በሕይወት ላለው መከታ አይሆነውም። ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል ዝናቡ ሳይቀድመው ይመልስልን፦ አሁንስ ከየትኛው ክምር፣ ከየትኛው ገደል ሥር ስንት ሰው ተኝቷል?