ማንም ቢመረጥ ያው ነው ለሚሉ

የላስታ ወጣቶች ስለ ቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ሲነሣ «ማንም ቢመረጥ ያው ነው» ይላሉ። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ይህን አነጋገር በዝምታ ማለፍ አይሆንልኝም። ንቀቱ ዕውቀት ቢመስልም ፍርሃትን የሚሸፍን ልብስ ነው።

እስቲ ልጆቼ፣ ነገሩን እንመርምር። አዲስ አበባ ያለው ምክር ቤት ስለ አገር ይመክራል። የእናትህ የእርሻ ወሰን ሲገፋ፣ መታወቂያ ስታወጣ፣ የሴፍቲ ኔት ተረጂዎች ስም ሲጻፍ ግን መጀመሪያ የምትቆመው በቀበሌ ደጃፍ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ በአንቀጽ 50 ያዛል። እንግዲህ ታናሽ የተባለው ወንበር ለድኻው ከሁሉ የቀረበው ወንበር ነው።

«ምርጫውንማ አየነው» ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። በ2000 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ተመረጠ። በመላው አገር ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ወንበር ነበረ፤ በሁለቱም ጊዜ ኢሕአዴግ ከ99 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ወሰደ። በ2005ቱ ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከነጭራሹ አልገቡበትም። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረውም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ተፎካካሪ የሌለበት ምርጫ ቆጠራ እንጂ ምርጫ አይባልም። ነገር ግን ጠላው ኮመጠጠ ብሎ ገብስ መዝራት የሚተው ገበሬ ማን ነው?

በእንግሊዝ አገርም በአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ብዙ ጊዜ ከሦስት መራጮች ድምፅ የሚሰጠው አንዱ ያህል ነው። እዚያ ሰውን ከቤቱ የሚያስቀረው ቸልታ ነው፤ እዚህ ዝም የሚያሰኘው ፍርሃት ነው፤ ፍሬው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ጥቂቶች ለብዙዎች ይወስናሉ።

እኛ ወሎዎች ቅሬ በምንለው ዕድራችን ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ ጠባዩን እንመረምራለን፤ ሒሳቡንም በጉባኤ እናስነብባለን። ለጥቂት ብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በመሬታችን ላይ ለሚወስነው ሰው ያለ አንዳች ጥያቄ እጃችንን ማውጣታችን አያሳፍርምን?

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። አዎን፣ ዝምታ አይነቅዝም፤ በዝምተኛው ጎተራ ያለው እህል ግን ይነቅዛል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የምርጫው ቀን ሲቆረጥ 18 ዓመት የሞላችሁ ተመዝገቡ። ዕጩውንም በሕዝብ ፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የቀበሌውን ሒሳብ መቼ ታስነብባለህ? የተረጂዎቹን ስም በአደባባይ ትለጥፋለህን? የገዛ ዘመድህ የሰው ወሰን ቢገፋ ምን ታደርጋለህ? መልስ ከሌለው አትምረጡት፤ ሌላ ሰው ከጠፋም 21 ዓመት የሞላው ከእናንተ አንዱ ይቅረብ። የተመረጠው እምነት ቢያጎድል ሕዝቡ ከቦታው ሊያነሣው እንዲችል አንቀጽ 12 መብት ሰጥቶታል። ይህን መብት የሚያውቅ ሰው ካልተነሣ ግን በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ ይቀራል፤ ማንበብ የተማራችሁትም ለዚህ ጭምር ነው።