ስላይደሩ ከመጨመሩ በፊት
ለድረ ገጽ ካርታ ሠሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የኢትዮጵያን የሳተላይት ምስሎች እያነጻጸሩ በድረ ገጽ ለሚያቀርቡ ባለሙያዎች፣ ሥራውን ለሚያሠሩ ፕሮጀክቶችና መሥሪያ ቤቶች

የሁለት ዘመን ምስል ደራርቦ መሐላቸው ቀጥ ያለ መስመር መትከል፣ አንባቢውም መስመሩን በጣቱ እየገፋ «በፊት»ንና «አሁን»ን እንዲገላልጥ ማድረግ የካርታ ሥራ ሁሉ ማሳረጊያ ሆኗል። የተፋሰስ ልማትም ይሁን የሐይቅ ጥናት ወይም የከተማ መልሶ ማልማት፣ ስላይደር የሌለው ካርታ ያላለቀ ሥራ ይመስላል። ይህ ደብዳቤ ከስላይደሩ ጋር ጠብ የለውም። ቅሬታው በአሠራሩ ላይ ነው፤ ባለሙያው ራሱ ሊጨርሰው የሚገባውን የማነጻጸር ሥራ ለአንባቢው ጣት ትቶ በሚሄድበት ልማድ ላይ።

ልማዱን ያመጣው ቅለቱ ነው። ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን በ2011 ይፋ ያደረገው ሊፍሌት የተባለው የካርታ መሥሪያ ኮድ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርታን ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ የጥቂት መስመር ኮድ ሥራ አደረገው። ዲጂታል ዲሞክራሲ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው የማነጻጸሪያ ፕለጊን ደግሞ ሁለት ሌየር ከተሰጠው ሌላ ነገር አይጠይቅም። ምስሎቹ መቼ እንደተነሡ፣ በየትኛው ሳተላይት እንደተነሡ፣ በትክክል ስለመገጣጠማቸው አንድም ጥያቄ አያነሣም። ሊያነሣም አይችልም። ጥያቄው የባለሙያው ነበር።

የሐረማያን ሐይቅ እንውሰድ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ውሃው መመለስ ጀመረ። የ1980ዎቹን ምስል በግራ፣ ደረቁን ዘመን በቀኝ ያስቀመጠ ካርታ ሠሪ ሐይቁን ይቀብረዋል። ደረቁን ዘመን በግራ፣ የቅርቡን በቀኝ ያደረገው ደግሞ ትንሣኤውን ያበስራል። ሁለቱም ምስል አልቀየሩም፣ ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን ታሪኩን የወሰነው የቀን ምርጫቸው ነው። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ኖረዋል፤ ክምችታቸውም ከ2008 ወዲህ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። የዚህን ያህል ዓመታት ምስል በእጁ ያለው ሰው ሁለቱን ብቻ ሲመርጥ ለምን እነዚያን እንደመረጠ ከካርታው ሥር ሊጽፍ ይገባዋል። የሐረማያ ዓይነቱ ታሪክ ደግሞ ከስላይደር ይልቅ በየዓመቱ የውሃውን ስፋት በሚያሳይ ግራፍ ይበልጥ ይነበባል።

የወቅቱ ጉዳይ ከዓመቱም ይብሳል። ጎጃምን የሚያውቅ ሁሉ የየካቲት መሬትና የመስከረም መሬት አንድ አገር እንደማይመስል ያውቃል። የአንድ ዓመት የካቲትና መስከረም በስላይደር ቢገናኙ አንድ ችግኝ ሳይተከል፣ አንድ እርከን ሳይሠራ ጋራው ሲለመልም ይታያል። ታዲያ «በፊት» በበጋ፣ «በኋላ» በክረምት ማግሥት የተነሣበት ካርታ የማንን ሥራ ነው የሚያሳየው? የፕሮጀክቱን ወይስ የዝናቡን? እዚህ ላይ ምክንያት ማቅረብም አይቻልም። ሴንቲነል 2 የተባሉት መንትያ ሳተላይቶች ከ2017 ጀምሮ ጥንድ ሆነው በየ5 ቀኑ ይመላለሳሉ፤ በበጋ ወራት ደግሞ ከደመና የጠራ ምስል አይጠፋም። ጥርን ከጥር፣ የካቲትን ከየካቲት ማገናኘት ትንሽ ፍለጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ቀኖቹ በትክክል ቢመረጡ እንኳ ሁለት ምስል ምክንያትን አይናገርም። በጁላይ 2020 የሕዳሴው ግድብ ላይ የሆነው ይህንን በግልጽ ያሳያል። የክረምት ደመና ዘልቆ የሚያየው የሴንቲነል 1 ራዳር ያነሣቸው ምስሎች ከግድቡ ጀርባ ውሃው መስፋቱን አሳዩ፤ «ሙሌት ተጀመረ» የሚለው ዜናም በዓለም ተሰራጨ። የወቅቱ የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር ዶክተር ስለሺ በቀለ ምስሎቹ ትክክለኛ መሆናቸውን ተናገሩ፤ ግንባታውና ሙሌቱ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውንም አስረዱ። ሌሎች ተንታኞች በበኩላቸው ጉዳዩን ለክረምቱ ጎርፍ ሰጡት። ስለ ምስሎቹ የተከራከረ አልነበረም፤ ክርክሩ ሁሉ ምስሎቹ ሊመልሱት በማይችሉት ጥያቄ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ካርታ ሥር የዝናብ ወይም የወንዙ ፍሰት መረጃ ካልተቀመጠ አንባቢው የሚያነበው የራሱን አቋም ነው።

ከዚያ ደግሞ መገጣጠም አለ። የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው ባለ 1፡50,000 ሉሆች የተዘጋጁት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ስሌት ነው፤ የድረ ገጽ ካርታዎች ግን የሚሠሩት ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። የድሮውን ሉህ ስካን አድርጎ ሳይቀይር የሚደርብ ሰው ቤቱንም ወንዙንም ከ100 ሜትር በላይ ያንቀሳቅሳል። አንባቢ ስላይደሩን ሲገፋ ወንዙ ሲዘል ያያል፤ ካርታውን አምኖ «ወንዙ መሄጃውን ቀይሯል» ቢል ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጣሊያኖች በ1935 እና በ1941 መካከል ከአውሮፕላን ያነሷቸው ከ8 ሺህ በላይ የሆኑ የፎቶ ስብስቦችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። እያንዳንዱ ስብስብ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ በጎን የተነሡ ፎቶዎች ቁልቁል ከተነሣው ጋር ተለጥፈዋል፤ እንደ ካርታ መደረብ የሚቀለው ቁልቁል የተነሣው ነው። እነዚህ ፎቶዎች በአግባቡ ተስተካክለው ከዛሬው ምስል ጋር ሲገናኙ ግን ስላይደር ከምንም በላይ ዋጋ የሚኖረው ሥራ ይወጣቸዋል።

የምስሉ ጥራትም ሊታሰብበት ይገባል። የመጀመሪያው ላንድሳት አንድ ፒክስል ወደ 80 ሜትር ገደማ ጎን አለው፤ የሴንቲነል 2 ደግሞ 10 ሜትር። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር 5 ሄክታር የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ደን በድሮው ምስል 8 ፒክስል ገደማ፣ በአዲሱ 500 ፒክስል ይሆናል። አንባቢው መስመሩን ሲገፋ ደኑ ከጭጋግ ወጥቶ ሲደምቅ ያያል። የተለወጠው ግን ካሜራው ነው።

ስላይደሩ በራሱም የሚከለክለው ነገር አለ። በየትኛውም ቅጽበት አንድ ቦታ የሚታየው በአንድ ዘመን ብቻ ነው፤ ሌላውን ዘመን አንባቢው በአእምሮው መያዝ አለበት። ለውጡ አንድ ትልቅ ዳርቻ ከሆነ ይህ አይከብድም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የነበረውና ዛሬ ከ40 በላይ የደረሰው የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ለስላይደር የተፈጠረ ይመስላል። ለውጡ በመቶ ቦታ የተበተነ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዳር የተሠሩ ቤቶች ከሆኑ፣ መስመር ሲገፉ መዋል ዓይን ከማድከም ሌላ ጥቅም የለውም። እዚያ የሚሻለው አዲስ የተሠራውን በአንድ ቀለም ቀብቶ በአንድ ካርታ ላይ ማሳየት ነው።

የአንባቢውን ኪስና እጅም ማሰብ ያሻል። ፕለጊኑ ሌየሩን የሚሸፍነው ለዓይን ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ክፍል ባይታይም ይወርዳል። በሞባይል ዳታ የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ማያ ገጽ ሁለት ጊዜ ይከፍልበታል። በስልክ ላይ ካርታውን መጎተትና መስመሩን መጎተት በአንድ ጣት ስለሚሠሩ አንዱ ሲፈለግ ሌላው ይንቀሳቀሳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሆንለትም። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በኦክቶበር 2023 ያወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2፣ መጎተትን ግድ የሚሉ ነገሮች ያለ መጎተት በመንካት ብቻ የሚሠሩበት መንገድ እንዲኖራቸው ያዛል። «በፊት» እና «አሁን» የሚሉ ሁለት አዝራሮች ይህን ያሟላሉ።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ላይ የምስሉ ሙሉ ቀንና የሳተላይቱ ስም ይጻፍ። ወሩ ከወሩ ይገጣጠም፤ ካልተገጣጠመ ምክንያቱ ይነገር። የድሮ ካርታ ከመደረቡ በፊት መነሻ ስሌቱ ይቀየር፣ በሚታወቅ ድልድይ ወይም መስቀለኛ መንገድም ይፈተሽ። የለውጡ መጠን በሄክታር ተሰልቶ ከካርታው አጠገብ ይቀመጥ። ሥራውን የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችም በውላቸው ላይ «ስላይደር ያለው ካርታ» ብለው ከመጻፍ ይልቅ እነዚህን ይጻፉ፤ ርክክቡ ላይም ስላይደሩ መንቀሳቀሱን ከማየታቸው በፊት ቀኖቹን ያንብቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ ገጽ ካርታ አንባቢ