ተማሪዎች የመጫወቻ ሜዳ ሲቆጥሩ የማኅበር መሪው ምን ይጠይቅ?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማዘጋጀት ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ የሚመጡ ተማሪዎችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እነዚህ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው፣ በአካባቢው ስንት የስፖርት ማዘውተሪያ ሥፍራ እንዳለና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ነው። ሁለተኛው፣ ኅብረተሰቡ ስለ አካል ብቃት ያለው ግንዛቤ ምን ያህል እንደሆነ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪ የማዳበሪያው፣ የምርጥ ዘሩ፣ የእርከኑና የድንበር ክርክሩ ጉዳይ ተደራርቦበት ሳለ የኳስ ሜዳ ቁጥር ሲጠየቅ፣ ነገሩ የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታየው ይችላል። «ጸሐፊውን ጠይቁት» ብሎ ማሰናበትም ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው የተማሪዎቹ ጥያቄ የሚነካው ኳስን ብቻ አይደለም። የወል መሬትን፣ የወጣቱን ውሎ፣ የሴቶችን የሥራ ጫናና የአዛውንቱን ጤና ይነካል። ስለሆነም የማኅበር መሪው መልስ ሰጪ ብቻ ሳይሆን ጠያቂም መሆን ይገባዋል።

ገበሬውና ጠያቂው

ገበሬው ከተማሪ ጋር ሲገናኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማርተው ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31፣ የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ800 ሄክታር ክልል እንዲቋቋሙ ሲደነግግ፣ ዘማቾቹ በማደራጀቱ ሥራ ተካፍለዋል። ያ ዘመን ካለፈና የአስተዳደሩ ሥራ ወደ ቀበሌ ከተዛወረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቢሆንም በብዙ ሥፍራ ሰው ቀበሌውን ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» ብሎ ነው የሚጠራው።

የያኔው ተማሪ የመጣው ሊያደራጅ ነበር። የዛሬው የሚመጣው ሊጠይቅ ነው። ደብተር የያዘ ሰው ሜዳ በገመድ ሲለካ ያየ ገበሬ በመጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ለግብር ይሆን? ወይስ መሬቱ ሊሸነሸን ነው?» የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ መሬት ተለክቶ የተወሰደበት ሰው በየአካባቢው አይጠፋም። ነገር ግን በሥጋት የተሰጠ መልስ የተጣመመ መልስ ነው፤ ከተጣመመ መልስም የቀና ጥናት አይወጣም። እንግዲህ የመሪው የመጀመሪያ ተግባር የተማሪዎቹን ዓላማ በጉባኤ ወይም ሰው በሚሰባሰብበት በእድር ቀን አስቀድሞ ግልጽ ማድረግ ነው።

«ሜዳ የለም» የሚለው መልስ የሚያስከትለው

ተማሪው የያዘው ቅጽ የሚዘጋጀው የከተማውን ስታዲየም በማሰብ ሊሆን ይችላል። ለውድድር የሚመከረው የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር ነው። ጎሉ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው። በዚህ መለኪያ ከተሄደ በአብዛኛው የገጠር ቀበሌ መልሱ «የለም» ይሆናል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የገጠር ልጅ የሚጫወተው በግጦሹ መስክ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ አዝመራው ከተነሣ በኋላ ደግሞ በቃርሚያው ማሳ ላይ ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ኳሱም ብዙ ጊዜ ከጨርቅ የተጠቀለለ ነው። በገና ሰሞን ጎልማሳውና ወጣቱ ጎራ ለይቶ በቆልማማ በትር የእንጨት ኳስ እየመታ የሚውለው፣ ጉግስ የሚጋለበውም በዚያው መስክ ላይ ነው። ይህ ሁሉ በቅጹ ላይ ቦታ ካላገኘ፣ ያለው ነገር እንደሌለ ተቆጥሮ ይጻፋል።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በየትኛውም ሰነድ ላይ ያልሠፈረ መስክ ለመጋዘን፣ ለችግኝ ጣቢያ ወይም ለእርሻ ቦታ ሲፈለግ «ባዶ መሬት» ይባላል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን ሲተረጉም ከግጦሽና ከደን ጋር ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶችንም ጨምሮ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ቢተካም፣ የወል መሬት የኅብረተሰቡ መሆኑ አልቀረም። ሆኖም ልጆች የሚጫወቱበት መስክ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ተለይቶ ካልተመዘገበ፣ ክርክር ሲነሣ የሚያስረዳለት ወረቀት አይኖርም። ስለዚህ የተማሪዎቹ ጥናት በጥንቃቄ ከተሠራ ለማኅበሩ እንደ አንድ ማስረጃ ሊያገለግል ይችላል፤ በግዴለሽነት ከተሠራ ግን በማኅበሩ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

መሬት የለሹ ወጣትና ሜዳው

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መሬት የሌለው ወጣት በየቀበሌው እየበዛ ባለበት ጊዜ፣ ለኳስ ተብሎ መሬት ማስቀመጥ ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ሥራ ያጣን ወጣት በኳስ ማጥገብ አይቻልም።

ይሁንና ሒሳቡን ማየት ይገባል። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው በሚለው ልማዳዊ ስሌት ሦስት ጥማድ ያህል ይሆናል። ይህ ለስድስት ወጣቶች ቢከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው ግማሽ ጥማድ ነው። በዝናብ ብቻ በሚታረስ ግማሽ ጥማድ ቤተሰብ ማስተዳደር እንደማይቻል የማያውቅ ገበሬ የለም። በሌላ በኩል 800 ሄክታር በሆነ ክልል ውስጥ አንድ ሜዳ የሚይዘው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የወጣቱ ጥያቄ በመስኖ፣ በከብት ማድለብ፣ በንብ ማነብና በእጅ ሥራ እንጂ መስኩን በመቆራረስ የሚመለስ አይደለም። መስኩ የተቆራረሰ እንደሆነ ስድስቱ ሳይጠግቡ መላው የቀበሌው ልጅ ሜዳ አልባ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ሜዳና ግጦሽ የግድ ጠላት አይደሉም። ከብቱ ጠዋት የጋጠበት መስክ ማታ ሊያጫውት ይችላል። የሚያስፈልገው አያያዝ ነው። በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ውኃ በጠገበበት ወቅት ከብትም ሰውም ቢረግጠው አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሣሩም ይሞታል፤ በተለይ በጎሉ አፍ መሬቱ ይራቆታል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ሜዳውን ማሳረፍ፣ ከላይ በኩል ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ ማውጣት፣ ቦረቦር ወደሚጀምርበት ጫፍ አለመጠጋትና በዙሪያው ጥላ የሚሰጥ ዛፍ መትከል በማኅበሩ አቅም የሚሠራ ነው። ስሚንቶም ብረትም አይጠይቅም።

የበቆጂ ትምህርት

የገጠር መስክ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ለማወቅ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። አርሲ በግብርና ልማት ታሪክ፣ በ1960 ዓ.ም. በተጀመረው ካዱ በሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ትታወቃለች። በዓለም ፊት ግን ይበልጥ ያስጠራት ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው በቆጂ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 በአትላንታ በማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2004 እና በ2008 በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ቀነኒሳ በቀለ፣ በ2008 በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ድል የተቀዳጀችው ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ የገበሬ ልጆች ናቸው።

ብዙዎቹን በጅምሩ ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በእጃቸው የነበረው ዘመናዊ ስታዲየም ሳይሆን የአፈር ሜዳ፣ ዳገትና የዛፍ ጥላ ነበር። ከዚህ የምንማረው የማኅበሩ ልጅ ሁሉ ሜዳሊያ ያመጣል ማለት አይደለም። የምንማረው ክፍት መስክ፣ የሚከታተል መምህርና የተወሰነ ሰዓት ከተገኙ ብዙ ነገር እንደሚቻል ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ተማሪ «ስታዲየም አለ ወይ?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ፣ በዚያን ዘመን በቆጂንም ባዶ ብሎ በመዘገባት ነበር።

«ስፖርት ትሠራለህ?» ለሚለው ጥያቄ

የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል የግንዛቤው ነው። በጠዋት ተነሥቶ በሬ ሲጠምድ የዋለን ገበሬ «ስፖርት ትሠራለህ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ፣ የሚያገኘው ሣቅ ወይም «አልሠራም» የሚል መልስ ነው። ከዚያም «የገጠሩ ኅብረተሰብ ስለ አካል ብቃት ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስሕተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ሲመክር፣ የሥራ ድካምንና የእግር ጉዞን አብሮ ይቆጥራል። አራሹ ይህን መጠን በእርሻ ወራት በአንድ ቀን ያልፈዋል።

ታዲያ ገጠሩን የአካል ብቃት ጉዳይ አይመለከተውም ማለት ነውን? አይደለም። አንደኛ፣ ጎንበስ ብሎ ማረምና ማጨድ፣ ከባድ ሸክም መሸከም ጉልበት እንደሚሰጥ ሁሉ ወገብንና ጉልበትን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ በማኅበሩ ክልል የሚኖረው ሁሉ አራሽ አይደለም። ነጋዴው፣ ጸሐፊው፣ ሥራ የፈታው ወጣትና ጉልበቱ የደከመው ሽማግሌ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሦስተኛ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የከተማ ሰው በሽታ ብቻ ናቸው ማለት ከቀረ ቆይቷል። ያው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ 65 ዓመት ለሞላቸው አዛውንት ደግሞ መውደቅን የሚከላከል ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ይመክራል።

የልጃገረዶቹ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ወጥ የምትሠራ ልጅ ጉልበቷን በእርግጥ አንቀሳቅሳለች፤ ነገር ግን አልተጫወተችም። ወንድሟ በዚያው ሰዓት ሜዳ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሜዳውን ቆጥረው በሜዳው ላይ ማን እንዳለ ካልቆጠሩ፣ የቀበሌው እኩሌታ ከጥናቱ ውጭ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ከጠቀስናቸው አራት የአርሲ ጀግኖች ሦስቱ ሴቶች መሆናቸውን መሪዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

መሪው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

እንግዲህ ተማሪዎች ሲመጡ የማኅበር መሪዎች ቢያንስ የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች ቢያነሡ ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ጥናቱ የሚካሄደው መቼ ነው? በሰኔ የእርሻ ሥራ ወይም በኅዳር አጨዳ የመጣ ሰው ሜዳው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። በበዓልና በእሑድ ከሰዓት በኋላም ይምጣና ይይ።

ሁለተኛ፣ የሚጠየቀው ማን ነው? በመንገድ ዳር ያሉ አባወራዎች ብቻ ከተጠየቁ መልሱ የመንገድ ዳር ሰው መልስ ነው። ከወንዝ ማዶ ያለው ጎጥ፣ ሴቶች፣ እረኞችና ሽማግሌዎችም ይጠየቁ።

ሦስተኛ፣ በቅጹ ላይ የሌለው የመጫወቻ ሥፍራ እንዴት ይመዘገባል? ቦታውን የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎችና ሁለት ወጣቶች ከተማሪዎቹ ጋር ይዙሩ። የሜዳው ስፋት፣ ተዳፋቱ፣ ከትምህርት ቤት ያለው ርቀትና በየትኞቹ ወራት እንደሚያገለግል ይጻፍ።

አራተኛ፣ የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር በሥራው ይካፈላሉ ወይ? ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፤ እነርሱ ግን ከሕዝቡ ጋር ይቆያሉ።

አምስተኛ፣ ውጤቱ ለማን ይመለሳል? ጽሑፉ በኮሌጁ መደርደሪያ ላይ ብቻ ከቀረ ገበሬው ጊዜውን በከንቱ ሰጠ ማለት ነው። አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲሰጥና ዋናው ፍሬ ነገር በጉባኤ ላይ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ እንዲነበብ ከመጀመሪያው መስማማት ይበጃል።

ተማሪዎቹም ቢሆኑ በዚህ አይጎዱም። ገበሬው ያመነው ጠያቂ ከሌላው የተሻለ መልስ ያገኛል። ማኅበሩ ደግሞ ያለውን መስክ በስምና በልክ ያውቃል፤ ነገ «ባዶ መሬት» የሚል ሲመጣ የሚያሳየው ይኖረዋል። ልጆች የሮጡበት፣ ከብት የጋጠበት፣ ጉባኤ የተቀመጠበት ምድር ባዶ አይደለም። ይህን በወረቀት ላይ ማስፈር ደግሞ ከተማሪው ይልቅ የመሪው ኃላፊነት ነው።