ስለ ዩባሪ ከተማ መነሣትና መውደቅ

በጃፓን ሰሜን፥ ሆካይዶ በሚባለው ታላቅ ደሴት፥ በተራሮች መካከል ዩባሪ የምትባል ከተማ አለች። በ1960 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) 116,908 ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን የተገኘው 7,334 ብቻ ነው። በዚህ መካከል ጦርነት አልደረሰባትም፥ ቸነፈር አልፈጃትም፥ የምድር መናወጥም አላፈረሳትም። እንግዲህ ከዐሥራ ስድስት ሰው አንድ ያህል ብቻ የቀረላት ስለ ምን እንደ ሆነ፥ የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ አደራ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ቢመረምረው የሚገባ ነው።

የድንጋይ ከሰሉ በ1888 ተገኝቶ በ1890 ቁፋሮው ተጀመረ፤ የባቡር ሐዲዱም ተከትሎ ገባ። ከሰሉ ለብረት ማቅለጫ የሚስማማ ስለ ነበረ ፈላጊው በዛ። ኩባንያው ለሠራተኛው ቤቱንም ውሃውንም ሐኪም ቤቱንም ያዘጋጅለት ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ኩባንያውን የሚያየው እንደ አሠሪ ብቻ ሳይሆን እንደ አባት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኮሪያና ከቻይና በግድ የመጡት ሰዎች ግን ይህን አባትነት አላዩትም።

ከ1960 ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነዳጅ ዘይት እየረከሰ ስለ ሄደ ጉድጓዶቹ በየተራ ይዘጉ ጀመር። የመጨረሻው ተስፋ በ1975 ሥራ የጀመረው አዲሱ ጉድጓድ ነበር። በ1981 ኦክቶበር 16 ቀን በዚያው ጉድጓድ ጋዝ ፈነዳና 93 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ አልጠፋ ስላለ ኩባንያው ውሃ እንዲለቀቅበት ቈረጠ፤ ነገር ግን 59 ሰዎች ገና ከምድር በታች ነበሩ። ስለዚህ ፈቃድ እንዲሰጡ የተለመኑት ሚስቶቻቸውና ወላጆቻቸው ናቸው። በሰባተኛው ቀን ውሃው ገባ። ጉድጓዱም በሚከተለው ዓመት ተዘጋ፤ በ1990 የመጨረሻው ጉድጓድ ሲዘጋ የከሰሉ ነገር አበቃ።

ከተማይቱን የጣላት የከሰሉ መቅረት ብቻ ነው ብንል ግን ፍርዳችን ይጐድላል። ኩባንያው ትቶት የሄደውን ቤትና ሐኪም ቤት የተረከበው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከ1979 እስከ 2003 ለ24 ዓመት ከንቲባ የነበሩት ናካታ ቴትሱጂ በከሰሉ ፈንታ ጐብኚ እናምጣ ብለው፥ የከሰል ታሪክ ማሳያ፥ የልጆች መጫወቻና የፊልም በዓል አቋቋሙ፤ ሐሳበ ብዙ ሰው ናቸው ተብለውም ተመሰገኑ። ሐሳቡ ነውር የለበትም፤ ሥራ ያጣ ሕዝብ እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ለሹም አይገባም። ጐብኚው ግን በታሰበው ልክ አልመጣም፥ ብድሩም በዛ።

ነውሩ ያለው በመዝገቡ ላይ ነው። በጃፓን የበጀት ዓመት በማርች መጨረሻ ሲዘጋ፥ ያለፈው ዓመት ሒሳብ እስከ ሜይ መጨረሻ ክፍት ሆኖ ይቈያል። ባለ መዝገቦቹ በእነዚህ ሁለት ወራት በአዲሱ ዓመት ገንዘብ የአሮጌውን ጉድለት ይሞሉና ሁለቱንም መዝገብ የተካከለ ያስመስሉ ነበር፤ በሚመጣውም ዓመት እንደዚሁ። ፊርማውም ማኅተሙም ሁሉ በሥርዓቱ ነበር። ጉዳዩ በ2006 ሲገለጥ ዕዳው 35 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን የን ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ሕዝቡ በዚያን ጊዜ 13,000 ገደማ ነበር።

ከ2007 ጀምሮ መክፈል የያዘው ይህ ሕዝብ ነው። ግብሩ ተጨመረ፥ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ ተቀነሰ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ተጠቃለሉ። 171 አልጋ የነበረው ሐኪም ቤት 19 አልጋ ያለው ክሊኒክ ሆነ፤ ይህም የሆነው ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ሽማግሌና ባልቴት በሆነባት ከተማ ነው። አሮጌውን ሒሳብ ከጻፉት ይልቅ፥ በዚያን ጊዜ ገና ያልተወለዱት ልጆች ርቀው እየሄዱ ይማራሉ።

በ2019 ማርች 31 ቀን ለከሰሉ ተብሎ በተሠራው ሐዲድ ላይ የመጨረሻው ባቡር ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ፥ በዚያው ዓመት በሜይ፥ በዩባሪ ገበሬዎች እርሻ የበቀሉ ሁለት የሜሎን ፍሬዎች በሳፖሮ ገበያ በጨረታ በ5 ሚሊዮን የን ተሸጡ።