ተራራ ለመውጣት ሕይወትን ማስያዝ ይገባልን?

ሰው ወደ ከፍታ መውጣትን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በአገራችንም ተራራ ከጥንት ዘመን አንሥቶ የጸሎት ቦታ፤ የጦር ምሽግ፤ የመኳንንትም መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። ወደ ደብረ ዳሞ የሚሄዱ መነኮሳትና ወንዶች ምእመናን ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመውን ገደል በጠፍር ተይዘው ይወጡታል፤ ስለ ምን ትወጣላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው ግን የለም፤ ምክንያቱ የታወቀ ነውና። ነገር ግን ጸሎት ሳይኖረው፤ ጠላትም ሳያሳድደው፤ ጫፉን ረግጦ ለመመለስ ብቻ በበረዶ ላይ የሚንጠላጠለውን ሰው ያየ ሽማግሌ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ቢለው አይፈረድበትም። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሥራ ሕይወትን እስከ ማስያዝ የሚያደርስ ዋጋ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ከአንባቢዎቻችን ጋራ ልንመረምር አስበናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች የሚገባቸውን ምስጋና እንስጥ። የጄኔቫው ሊቅ ደ ሶሱር በ1760 ወደ ሞን ብላን ጫፍ የሚያደርሰውን መንገድ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከ26 ዓመት በኋላ በ1786 ፓካር የተባለው ሐኪምና ባልማ የተባለው የዚያው አገር ሰው ጫፉ ላይ ደረሱ። በሚከተለውም ዓመት ደ ሶሱር ራሱ መሣሪያውን አስይዞ ወጣና የአየሩን ክብደት በባሮሜትር ለካ፤ ውሃም በዚያ ከፍታ በስንት ሙቀት እንደሚፈላ መረመረ። እንደዚሁም ከፍታው 8,849 ሜትር በሆነው በኤቨረስት ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሲሶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ ሰው ኦክሲጅን ሳይዝ እዚያ ደርሶ በሕይወት ሊመለስ መቻሉን ብዙ ሊቃውንት ይጠራጠሩ ነበር። በ1978 መስነርና ሀበለር የተባሉ ሁለት ሰዎች ወጥተው በደኅና በመመለሳቸው ጥርጣሬው ቀረ። ከዚህም ሌላ በአንድ ገመድ ታስሮ የሚሄድ ሰው ትዕግሥትን፤ ለመሪ መታዘዝንና ባልንጀራን ማመንን ይማራል። ይህ ሁሉ የማይናቅ ትርፍ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ትርፍ ዋጋ ከመጀመሪያው አንሥቶ በሰው ሕይወት የተከፈለ ነው። በጁላይ 14 ቀን 1865 ሚስተር ኤድዋርድ ዊምፐር የተባሉት እንግሊዛዊ ከስድስት ጓደኞቻቸው ጋራ በስዊስና በኢጣሊያ ድንበር ወደሚገኘው፤ 4,478 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ማተርሆርን ጫፍ ከሰው ሁሉ አስቀድመው ደረሱ። ደስታቸው ግን ውሎ አላደረም። ሲወርዱ ልምድ ያልነበረውን የ19 ዓመት ጐልማሳ እግሩ አዳለጠው፤ ሁሉም በገመድ ተያይዘው ነበርና ሦስቱን አስከትሎ ወደቀ። በመካከሉ ገመዱ ተበጠሰና አራቱ ሲሞቱ ሦስቱ ተረፉ። ከሟቾቹም የአንዱ፤ የሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አደጋው ከዚያ በኋላም አልቆመም። በ1882 በአልፕ ተራሮች ላይ ብዙ ሰው ስለ ሞተ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በጸሐፊያቸው እጅ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ግላድስቶን አስጽፈው፤ በዚህ ሥራ ደስ የማይላቸው መሆኑን በግልጽ ቢያስታውቁ ይገባ እንደ ሆነ ጠየቁ። ግላድስቶንም ነገሩ የሚቻል መስሎ እንደማይታያቸው መለሱ። በእኛ ዐሳብ የንግሥቲቱ ሐዘንም የሚኒስትሩ መልስም ትክክል ነበር። ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚሠራውን ሥራ በትእዛዝ መከልከል ያስቸግራል፤ ትእዛዝ የማይከለክለው ነገር ሁሉ ግን የሚገባ ነው አይባልም። በዚህ ጊዜ ፍርዱ የሚቀረው ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊናና ለቤተ ሰቡ ነው።

ተራራ የሚወጡ ሰዎች ሕይወታቸው የገዛ ራሳቸው እንደ ሆነች፤ ቢያስይዟትም ዕዳውን የሚከፍሉት እነርሱ እንደ ሆኑ ይናገራሉ። በእኛም አገር «ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርሳል» ይባላልና ሞት በአልጋው ላይ የተኛውንም አይምረውም የሚል አይጠፋም። ሞት ለሁሉ የማይቀር መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ተራራ ላይ የወደቀው ሰው አንድ ጊዜ ሞቶ ያርፋል፤ ዕዳውን በየዓመቱ ሲከፍሉ የሚኖሩት በቤት የቀሩት ናቸው። ጕዳዩንም በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ያነሣነው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን የወይዘሮ አሊሰን ሃርግሪቭስ ታሪክ ነው። እኒህ እንግሊዛዊት እመቤት በ1988 የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰው ሳሉ አይገር የሚባለውን የስዊስ ተራራ በሰሜኑ ገደል በኩል ወጡ። በሜይ 13 ቀን 1995 ኦክሲጅን ሳይዙና ተሸካሚ ሳይረዳቸው ኤቨረስት ጫፍ ደረሱ። ልክ በሦስተኛው ወር፤ በኦገስት 13 ቀን፤ በፓኪስታንና በቻይና ድንበር ያለውን 8,611 ሜትር ከፍታ ያለውን ኬ ቱን ወጥተው ሲመለሱ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሣና እሳቸውም ሌሎችም ጓደኞቻቸው ሞቱ። ዕድሜያቸው 33 ዓመት ነበር። ወንዱ ልጃቸው ቶም የስድስት፤ ሴቲቱ ልጃቸው የአራት ዓመት ሕፃናት ሆነው ቀሩ።

በዚያን ጊዜ በጋዜጣ ላይ የሁለት ሕፃናት እናት ሆነው ሳለ እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ እየተባለ ብዙ ነቀፋ ተጻፈባቸው። ነቀፋው እውነት ቢኖርበትም ፍርዱ የተካከለ አልነበረም። ሚስተር ጆርጅ ማሎሪ በጁን 1924 በኤቨረስት ላይ ሲጠፉ ሚስታቸውንና ሦስት ትናንሽ ልጆቻቸውን ትተው ነበር፤ አስከሬናቸውም የተገኘው ከ75 ዓመት በኋላ በ1999 ነው። የሚስተር ማሎሪ ስም ግን እስከ ዛሬ በጀግንነት ይነሣል። ልጅ እናቱንም ቢያጣ አባቱንም ቢያጣ ጕድለቱ ያው ጕድለት ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለእናት የሚቀርብ ከሆነ ለአባትም እኩል ይቅረብ እንላለን።

የወይዘሮ አሊሰን ቤት ሐዘን በዚህ አላበቃም። ቶም አድጎ በእናቱ ሥራ ስሙ የተጠራ ሰው ሆነ። እናቱ በ1993 በአንድ የሙቀት ወራት የወጧቸውን ስድስቱን የአልፕ ታላላቅ የሰሜን ገደሎች እሱ በ2015 በተፈጸመው አንድ የብርድ ወራት ብቻውን ወጣቸው። በፌብሯሪ 2019 ግን 8,126 ሜትር ከፍታ ባለው በናንጋ ፓርባት ላይ ከኢጣሊያዊ ጓደኛው ጋራ ጠፋ፤ በሚከተለውም ወር የሁለቱ ሬሳ ከሩቅ ታየ። ቶም የ30 ዓመት ሰው ነበር። ይህን የምንጽፈው በሟቾች ላይ ለመፍረድ አይደለም። የተራራ ፍቅር እንደ ርስት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አደጋውም አብሮ እንደሚወረስ ወላጆች እንዲያስቡበት ነው።

ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ቤተ ሰብ አለ። በኔፓል ተራሮች ሸርፓ የሚባል ሕዝብ ይኖራል፤ በ1953 ከሂላሪ ጋራ ኤቨረስትን መጀመሪያ የረገጡት ቴንዚንግ ኖርጋይም ሸርፓ ነበሩ። ከባሕር ማዶ ለሚመጣው እንግዳ ዕቃ የሚሸከሙት፤ ገመድ የሚዘረጉት፤ በበረዶው ስንጥቅ ላይ መሰላል የሚያጋድሙት በብዛት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በኤፕሪል 18 ቀን 2014 ኩምቡ በሚባለው የበረዶ መንገድ ላይ ናዳ ወርዶ 16 ሠራተኞችን ገደለ፤ ሁሉም የኔፓል ተወላጆች ነበሩ። መንግሥቱ በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሊሰጥ ያሰበው ገንዘብ 40,000 ሩፒ፤ ማለት 400 ዶላር ያህል ስለ ነበር ሸርፓዎቹ እጅግ ተቈጡ። እንግዳው ወደ በረዶው የሚሄደው ጫፉን ተመኝቶ ነው፤ ሸርፓው ግን የልጆቹን ቀለብ ፈልጎ ነው። በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የተጫነን አደጋ የራስ ጀግንነት አድርጎ መቍጠር አይገባም።

ታዲያ አደጋውን የሚያስታግሥ ነገር የለምን? አለ። አሜሪካዊው ሚስተር ኤድ ቪስተርስ በ1987 ከኤቨረስት ጫፍ መቶ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ወደፊት ከሄዱ መውረድ እንደማያስተማምን አይተው ተመለሱ። ይህን ያህል ደክሞ፤ ይህን ያህል ቀርቦ መመለስ ከመውጣት ይልቅ ልብ ይጠይቃል። ተራራው ግን ከቦታው አልሄደም፤ በ1990 ተመልሰው ወጡት። ከዚያም በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑትን ዐሥራ አራቱን ተራሮች ኦክሲጅን ሳይዙ ወጥተው በ2005 ፈጸሙ። በእኚህ ሰው ዘንድ ጕዞ ተፈጸመ የሚባለው ወደ ታች በደኅና ሲደርሱ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው። ተራራ መውጣት የሚገባ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የሚገባ የሚሆነው ግን የሚወጣው ሰው ሥራውን ተምሮ ሲዘጋጅ፤ በቤቱ ያሉት አደጋውን ዐውቀው ሲፈቅዱ፤ የሚቀጥራቸውም ሰዎች ደመወዝና ዋስትና ሳይጐድልባቸው ሲቀር ነው። ከነዚህ አንዱ ከጐደለ ጫፉ ቢቀር ይሻላል።

በአገራችን ራስ ዳሸንን ለማየት የሚያስብ ጐልማሳ ቢኖር የበረዶ መጥረቢያ አያስፈልገውም። ነገር ግን ተራራው ከ4,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ቸል የሚባል አይደለም። አገሩን የሚያውቅ መሪ ይያዝ፤ ለሌሊቱ ብርድ የሚበቃ ልብስ ይሰንቅ፤ ሰውነቱ ከፍታውን እስኪለምድ ቀስ እያለ ይውጣ። የራስ ምታት ቢጀምረው ከዚያ በላይ አይውጣ፤ ማስመለስና መንገዳገድ ቢጨመርበት ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ይውረድ፤ ለዚህ ሕመም ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለውም። ከቤቱም ሲነሣ ወላጆቹን ወይም ሚስቱን አስቀምጦ የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ቀን ይንገራቸው፤ ቢያስፈራው እንደሚመለስም ቃሉን ይስጣቸው። ሕይወቱን ለተራራው ከማስያዙ በፊት ቃሉን ለቤተ ሰቡ ያስይዝ።