ልብሱ በማን ልክ ተሰፋ?

በ1916 እ.ኤ.አ. ኦገስታና አዴላይን ቫን ቢዩረን የተባሉ እኅትማማቾች በሞተር ቢስክሌት ከኒው ዮርክ ተነሥተው ካሊፎርኒያ ሲዘልቁ፣ በመንገዳቸው ባሉ ትናንሽ ከተሞች ፖሊስ ያዛቸው። ወንጀላቸው የወንድ ልብስ መልበስ ነበር። ዛሬ ደግሞ ባለሱቁ ሴቲቱን «የወንዱን ትንሹን ቁጥር ውሰጂ» ይላታል። ትናንት ያሳሰራት ልብስ ዛሬ ግዴታዋ ሆነ!

«ልክ መምረጥ ለጌጥ ነው» የሚሉ ጓደኞቻችን ነገሩን ይመርምሩት። የክርንና የጉልበት መከላከያ የሚያድነው ከመገጣጠሚያው ላይ ሲቀመጥ ነው። ትከሻው የሰፋ፣ ዳሌው የጠበበ ጃኬት ሲወድቁበት ይሰበሰባል፤ መከላከያው ይዞራል፤ አስፋልቱ ግን ክርኑን አይስትም። ሮዝ ቀለም የተነከረ ስስ ጨርቅም ቆዳ አያተርፍም። አውሮፓ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞተረኛ ልብስን በኢ.ኤን. 17092 ደረጃ ይመድባል፤ ኤ.ኤ.ኤ. ከሁሉ የጠነከረው ነው።

እኅቴ ሆይ፣ ምልክቱን ፈልጊ። ለብሰሽው ሞተር ላይ ተቀመጪ፤ እጅሽንም ወደ መሪው ዘርጊ። እጅጌው ከሸሸ፣ መከላከያው በጣት ሲገፋ ከተንሸራተተ፣ መልሺለት። ከዚያ በኋላ ይመርብሽ፤ ማማርን ማን ከለከለ?

ባለፋብሪካዎች ሆይ፣ ሴትን እንደ ትንሽ ወንድ መለካት ይብቃችሁ!