«ምንም የለብህም» ማለት ሕክምና አይደለም!



ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከዚሁ ከአምቦም የሚመጡ ብዙ ታካሚዎች ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል። «ዶክተር፣ ልቤ ድው ድው ይልብኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እጄን ያደነዝዘኛል። የምሞት ይመስለኛል።» ከዚያ ከፌስታል ውስጥ ወረቀቶች ያወጣሉ፦ ኢሲጂ፣ ራጅ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ታይፎይድ። ሁሉም ደህና ነው። «ምንም የለብህም፣ አትጨነቅ» ተብለው ተሸኝተዋል። ሕመሙ ግን አለ፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ክሊኒክ፣ ካልሆነም ተበድረው እስከ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሥራ ስጀምር፣ ተራው ሲበዛብኝ፣ ስንቱን እንዲህ ብዬ ሸኝቻለሁ። ዛሬ ስህተት እንደነበር አምናለሁ።

ምክንያቱም ሰውየው አልዋሸም። አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ጅብ ሲያባርረን ይሄ ይጠቅማል። ጭንቀት ሲበረታ ግን ጅብ በሌለበትም ይከሰታል። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ደግሞ በደማችን ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል። ድንገተኛው ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበረታና ቀስ በቀስ ይበርዳል።

ለፈተና ወይም ለቤት ኪራይ መጨነቅ በሽታ አይደለም። ሐሳቡ ለወራት አልለቅ ካለ፣ እንቅልፍ ከነሳ፣ ከሥራና ከትምህርት ካስቀረ ግን ሕመም ነው፤ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው። ሕክምና የሚያገኙት ግን ከ4 ሰው 1 ያህሉ ናቸው።

ምን እናድርግ?

✔ ሲነሳባችሁ ቁጭ በሉ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ በዝግታ አስወጡ። ለጥቂት ደቂቃዎች ደጋግሙት።
✔ ቡና ከአቦል አይለፍ። ጫት ያባብሳል፤ ተዉት።
✔ በአብዛኞቹ ቀናት ለ30 ደቂቃ በእግር ሂዱ።
✔ ዲያዜፓም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛችሁ አትዋጡ፤ ሱስ ያስይዛል።
✔ ካልተሻላችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ። የንግግር ሕክምና አለ፤ መድኃኒትም አለ፣ ለውጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እዚያ መሄድ «አበደ» አያሰኝም። ጸሎታችሁንም አያስተዋችሁም።

⚠ የመጀመሪያ ምርመራ አይቅር፤ እንቅርትና ደም ማነስም ልብ ያስመታሉ። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሰማ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

በሚቀጥለው «ምንም የለብህም» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትውጡ። «ታዲያ ይሄ ስሜት ከምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መመለስ የእኛ የሐኪሞች ግዴታ ነው።

ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ የሚንከራተት ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!